ወርቁን ለልጁ ስለ መተው

በመተማ ቆላ፥ ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ ባለው መንገድ ዳርም ሆነ በሽንፋና በቋራ መንደሮች፥ ዐሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ለእናቱ ገና ሕፃን ሲሆን ለእርሻው ግን ከብት ጠባቂ፥ ውኃ ቀጂ፥ በሰሊጥ አጨዳም ወራት ለሠራተኛው ስንቅ አድራሽ ነውና፥ ስለ ፍርሃቱና ስለ ኀዘኑ ፊት ለፊት የጠየቀው ሰው ከ«ምንም አልሆንኩም» በቀር የሚያገኘው መልስ የለም። የሚፈራው ነገር ግን ምናምንቴ አይደለም። መንገደኛ ታግቶ ቤተ ዘመዱ ገንዘብ የሚጠየቅበት፥ አባት ለእንጀራ በጋላባት በኩል ወደ ሱዳን ተሻግሮ ወሬው የሚጠፋበት፥ ወባና ካላዛር ያገሩንም ሰው ከደጋ የወረደውንም የቀን ሠራተኛ የሚጥሉበት ምድር ነው፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በካርቱም የተነሣው ጦርነት ያሳደዳቸው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በዚሁ በር ስለ ገቡ፥ የጎረቤት ሀገር መከራ ከራሳችን መከራ አጠገብ ተቀምጧል።

አባ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበረላም መጽሐፍ፥ አንድ ንጉሥ ልጁ ደዌን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በአዳራሽ ዘግቶ እንዳሳደገውና ልጁ ግን ከደጅ በወጣ ጊዜ ሁሉንም እንዳገኛቸው ይተርካል። በቆላው አዳራሽ የሚያሠራ አባት ባይኖርም፥ «ልጅ ፊት አታውሩ» ተባብለው በሹክሹክታ የሚነጋገሩ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ልጁም በጨለማ የሰማውን ግማሽ ወሬ በራሱ ሕሊና እየሞላ ከእውነቱ የከፋ ነገር ሲፈጥር ያድራል። ሕሊናው እንዲህ ሥራ የማይፈታ ከሆነ፥ የመምህሩ ተግባር ያንኑ ሥራ በቀን ብርሃን፥ በባልንጀሮች መካከል፥ በተረት ሥርዓት እንዲሠራው ማድረግ ነው።

የዚህ ዕድሜ ልጆች የጅብና የአህያን ተረት «የሕፃን ነው» ብለው ስለሚንቁት፥ እኔ በማስተምርበት ዳስ የምጀምረው በእንቆቅልሽ ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንዱን ከተማ ይሰጣል፤ ጠያቂውም በተሰጠው ሀገር እንደ ነገሠ ሆኖ ከፎከረ በኋላ ፍቺውን ይናገራል። አንድ ጊዜ ከመንደሩ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ጎንደርንም፥ አዲስ አበባንም፥ ካርቱምንም ያለ ስስት ሲሰጥ ቆይቶ፥ ባልንጀራው የገዛ መንደሩን በስም ቢለምነው «እሷን አልሰጥም» ብሎ ተነሣ። ጨዋታው እንዳይበላሽ ፈርተው ሌሎቹ ሲጮኹበት፥ እኔ ነገሩን ወደ ተረት መለስሁትና፥ መንደሩን ማንም እንዳይወስድበት በቅል ከትቶ በትከሻው ተሸክሞ ስለሚዞር እረኛ ጀመርሁላቸው። በቅሉ ውስጥ ምን ምን እንዳለ ግን እነርሱ እንዲናገሩ ተውሁት። አንዷ የወይራ ዛፍ ጨመረች፤ አንዱ ጉድጓድ ውኃ ጨመረ። ያ ልጅም በመጨረሻ አያቱን፥ አንድ ቀይ በሬና፥ ክዳኑ ቢከፈት እንኳ ሊወጣ የማይወድ አንድ ሰው አስገባ። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።

የቅኔ ቤት ተማሪ ስለ ነበርሁ ሰሙን ገልጬ ወርቁን ለማየት ልቤ ይቸኩላል፤ በዚህ ሙያ ከሁሉ የሚከብደውም ይህን ችኮላ መግታት ነው። ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት ባለጸጋው ስለ ቀማው የድኻው በግ ምሳሌ ነግሮ፥ ንጉሡ በባለጸጋው ላይ ከተቆጣ በኋላ በደለኛው ራሱ መሆኑን ገለጠለት፤ ይህም ለበደለ ንጉሥ የሚገባ ተግሣጽ ነበረ። የተበደለውን ልጅ ግን «ይህ የራስህ ታሪክ ነው» ማለት የተጠለለበትን ጥላ መግፈፍ ነው። ሰሊጥ አጫጅ አዝመራውን ፍሬው ሳይረግፍ ያጭደዋል፥ በነዶ አስሮ አቁሞ ይተወዋል፥ በፀሐይ ራሱ ሲከፈት ብቻ ገልብጦ ያራግፈዋል፤ ልጁንም በተረቱ አቁሞ የሚጠብቅ መምህር ያስፈልገዋል። አንዳንዱ በዓመቱ ይናገራል፥ አንዳንዱም ፈጽሞ አይናገርም፤ ያልተናገረው አልዳነም ለማለት ግን እኔ አልደፍርም።

ስለ በቀል መናገር አለብኝ። ወንዶቹ በተለይ ጀግናቸው ሽፍታውን እንዲገድል፥ ቤቱንም እንዲያቃጥል ይወዳሉ፤ ይህን እንደ ኃጢአት ቆጥረው የሚከለክሉ መምህራን አሉ፤ እኔ ግን «ሲነጋስ?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ። ሲነጋ ጀግናው ይርበዋል፥ ከብቱ ውኃ ይሻል፥ የሽፍታውም እናት ልጇን ፍለጋ ትመጣለች፤ እሷን ምን እንደሚላት ተረተኛው ራሱ ይወስን። የማልታገሠው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ክፉው ሰው የጎረቤት ነገድ ስም እንዲሰጠው ነው፤ ዐማራው፥ ቅማንቱና ጉሙዙ ባንድ ዳስ ተቀምጠዋልና። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በዚህችው መተማ ስለሆነ፥ ልጆቹ ያን ጦርነት ደጋግመው መጫወት ይወዳሉ። ከሱዳን የመጣ ልጅ በመካከላቸው ሲኖር ድርቡሽ የሚሆነው ማን እንደሆነ አንባቢ አይጠፋውም። ስለዚህ ወሬውን ከጦር ሜዳው አውጥቼ፥ በጦርነቱ ሌሊት ከሁለቱም ሰፈር ውኃ ሊቀዱ ስለ ወጡ ሁለት ልጆች እንዲተርኩልኝ አዘዝሁ። የጀግንነቱ ፍቅር አልቀነሰባቸውም፤ እንዲያውም ክርክሩ በረታ።

ተረት መድኃኒት ነው እያሉ የሚያጋንኑ ሰዎች ያናድዱኛል። እንቅልፍ የራቀው፥ እህል የማይቀምስ፥ ወይም ጨርሶ አፉን የዘጋ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ፥ ካስፈለገም ወደ ጎንደር ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ተረተኛው እስከዚያ ድረስ አጠገቡ ከመቀመጥ በላይ ሥልጣን የለውም።

የባለ ቅሉ ልጅ እናት አንድ ቀን መጥታ፥ «መምህር፥ ልጄ ምን አለዎት? ለኔ አንዳች አይነግረኝም» አለችኝ። የነገረኝን ለመናገር እንደማልችል፥ ማታ ግን ስለ እረኛው ቅል ብትጠይቀው ደስ እንደሚለው ነገርኋት። «እኔ ተረት አላውቅም፤ እንቆቅልሽ ብቻ ነው የማውቀው» አለች። ያ እንደሚበቃ፥ መልሱ ቢጠፋትም ሀገር መስጠት እንደምትችል አስረዳኋት፤ እሷም፥ «የቱን ልስጠው?» ብላ ሳቀች።