የአበራሽ ውሎ፣ የሂሩት ፊልም

«ድፍረት» ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ለፊልሙ ይህን ርዕስ ሲመርጥ አልተሳሳተም። የፊልሙ ምርጥ ክፍልም መጀመሪያው ነው፦ የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የተማሪ ደስታዋ ከፊቷ ሳይጠፋ፣ ፈረሰኞች ይከቧታል። ያ ደስታ ባይቀድም ጠለፋው እንዲህ ባላንገበገበን። በጠላፊዋ ላይ ጠመንጃ ስታነሣ እኛም ትንፋሻችንን እንይዛለን።

ከዚያ በኋላ ግን ካሜራው ወደ ጠበቃዋ ወደ መዓዛ አሸናፊ ያደላል። ሜሮን ጌትነት ሚናዋን አሳምራ ተጫውታለች፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ተማሪዋ ግን ቀስ በቀስ የፍርድ ቤት መዝገብ ትሆናለች።

ቅሬታው የእኔ ብቻ አይደለም። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ይዞ መጣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የታሪኩ ባለቤት፣ ጠላፊዋን ገድላ በነፃ የተለቀቀችው አበራሽ በቀለ፣ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ ነበር። እገዳው ኋላ ተነሣ።

ሰሞኑን ኮልፌ፣ እቤት፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከሆነችው የእህቴ ልጅ ጋር ደግሜ አየሁት።

«ስሟን ለምን ቀየሩት?» አለችኝ።

«ሊጠብቋት ይሆናል።»

«ጠይቀዋት ነበር?»