ታካሚው ፊርማ ላይ ብቻ ለምን?

እንዳ ኢየሱስ ግቢ ኢንጂነሪንግ ስንማር ዲዛይን ይዘን ስንቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ነው የሚጠቀምበት? አናግራችሁታል?» የሚል ነበር። ሰሞኑን ስለ ዝሆኔ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ፣ የተጻፉ ጥናቶችን ሳነብ ይኸው ጥያቄ አልለቀቀኝም።

በሽታው በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመዋል የሚመጣ የእግር እብጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎች እንዳለባቸው ይገልጻል።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። ተመራማሪዎች የበሽታውን ዘረ መል ለማጥናት ሲነሱ ወላይታ ላይ ሕዝቡን አስቀድመው አነጋግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ሥራ እንደሚያሳየው፣ ሰዉን ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ «በዘር ነው» ከተባለ መገለሉ ይብሳል የሚለው ነበር። ታማሚ ካለበት ቤት ጋር መጋባት በሚፈራበት ቦታ ይህ ቀላል ስጋት አይደለም። ስለዚህ ማብራሪያው ከዘር ሌላ የአካባቢንም ድርሻ እንዲያስረዳ መከሩ። የዘረ መል ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ምክክሩ የሚያተኩረው «እንዴት አስረድተን እናስፈርም?» ላይ ነው። «ምን እናጥና?» ተብሎ ታማሚው የተጠየቀበትን ቦታ ግን ወረቀቱ ላይ ፈልጌ አጣሁ።

ነገሩ የሚከብደው የዝሆኔን ሕክምና የሚሠራው ራሱ ታማሚው ስለሆነ ነው። እግር በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ጫማ ማድረግ። (ውሃውን ከወንዝ ማን ይቀዳል? እሱም ሕክምናው ውስጥ አለ።) እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ 696 ሰዎችን ይዞ ይህንኑ ፈተሸ። የለካው ነገር ደግሞ ታማሚው የሚያውቀውን ሕመም ነው፤ እግሩ በድንገት ተቆጥቶ የሚጥለውን። ሕክምናውን ወዲያው የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲታመሙ፣ ቆይተው እንዲጀምሩ የተደረጉት 23.9 ጊዜ ታመዋል።

ለውጥ አለ፤ አልክድም። ግን አሁንም 19 ጊዜ! ይህ ልፋቱን ይክሳል ወይስ አይክስም? ስታትስቲክሱ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን ይነግረናል እንጂ ይህን አይመልስም። እኔ ብሆን ቀጣዩን ሙከራ ከመንደፌ በፊት ውሃ የሚቀዱትን ሰዎች ሰብስቤ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ በዓመት ከስንት ጊዜ በታች ቢወርድላችሁ ነው «ተሻለን» የምትሉት?