ሸክላውን የያዙት እጆች

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስለ ፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን ሂስ ልጽፍ ተነሣሁ እንጂ ኤግዚቢሽኑን በዓይኔ አላየሁትም። «ማሊ ትዊስት» የተባለው የማሊክ ሲዲቤ የፎቶግራፍ ትርኢት ፓሪስ በሚገኘው የካርቲዬ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ተከፍቶ እስከ ፌብሩዋሪ 2018 ሲታይ፣ ይህ ጸሐፊ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በእጄ የገባው ከኤግዚቢሽኑ ጋር የታተመው መጽሐፍ ነው። እሱም የተዋስኩት ነው፤ ባለቤቱ በሦስት ቀን አንዴ «አልጨረስከውም እንዴ?» እያለ ይነዘንዘኛል።

መጽሐፉን ዶርም ውስጥ ከበን ስናገላብጥ አንድ የታሪክ ተማሪ ጓደኛችን እንዲህ አለ፦ «ይኸ ምኑ ነው ሥነ ጥበብ? ነፃነታቸውን ባወጁ ማግሥት የፈረንጅ ዳንስ የኮረጁ ልጆች ፎቶ ነው እኮ!» ሳቅን። ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ «ኩረጃ» የሚለውም ቃል እንዲሁ የሚናቅ ቃል አይደለም። እኛም ግጥም ስንጽፍ፣ ጊታር ስናነሣ በዚሁ ቃል የምንገረፍ ነን። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ግማሹ ሂስ፣ ግማሹ ለዚያ ልጅ የተሰጠ መልስ ነው።

ሲዲቤ ማን ነው? የማሊ ገጠር ልጅ፣ ሥዕል ሲማር አንድ ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሥራ የገባ፣ ኋላም ባማኮ ውስጥ ባጋዳጂ በተባለ ሰፈር የራሱን ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው። ፎቶ ያነሣል፣ የተሰበረ ካሜራም ይጠግናል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1960 ነፃ ስትወጣ የከተማው ወጣት ክበብ ማቋቋም፣ በየሳምንቱም ግብዣ መደገስ ጀመረ። ከክበቦቹ አንዳንዶቹ ስማቸውን የወሰዱት ከሮክ ባንዶች ነበር፤ «ጥቁር ካልሲዎች» የተባለ የፈረንሳይ ባንድ ነበረ፣ ባማኮም የራሷ «ጥቁር ካልሲዎች» ነበሯት። ሲዲቤ ቅዳሜ ማታ ካሜራና ፍላሽ ይዞ ከግብዣ ግብዣ ይዞራል፤ ሌሊቱን ፊልሙን አጥቦ ትንንሽ ፎቶዎቹን ካርቶን ላይ ይለጥፍና የክበቡን ስምና ቀኑን ጽፎ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይሰቅላቸዋል። ልጆቹ መጥተው ራሳቸውን ይፈልጋሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ገንዘብ ያለው ይገዛል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ያ ደጃፍ ነው እላለሁ። ፓሪስ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራዎቹ። የሮክ ሙዚቃ ፎቶግራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው መድረክ ላይ ያለውን ሰው ነው። ፔኒ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1979 ኒው ዮርክ ውስጥ ያነሣችው፣ የክላሽ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጊታሩን መድረክ ላይ ሲከሰክስ የሚታይበት ፎቶ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ፎቶው ጥራት ይጎድለዋል ብላ ራሷ ለሸክላው ልባስ እንዳይወጣ ተከራክራ ነበር ይባላል፤ ደግነቱ አልሰሟትም። ግሩም ፎቶ ነው። ግን ያን ሙዚቃ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ የት አለ? የለም። ጀግናው አንድ ነው፣ ሌላው ጨለማ ነው።

የሲዲቤ ካሜራ ጀርባውን ለመድረኩ ሰጥቶ ዞሯል። እንዲያውም መድረክ የለም፤ ያለው የሸክላ ማጫወቻና ግቢ ነው። «የገና ሌሊት» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ1963 ፎቶ ተመልከቱ። አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ወጣትና አንዲት ባዶ እግሯን የሆነች ልጅ ይጨፍራሉ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ ሁለቱም ቁልቁል እግራቸውን ያያሉ። ወንድምና እኅት ናቸው ይባላል። የእሱ ጫማ የተወለወለ ነው፣ የእሷ እግር መሬቱን ረግጧል። እኔ ይህን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ ሁልጊዜ የሚያቆመኝ ግን አስተያየታቸው ነው። ካሜራ መኖሩን ረስተዋል። እርምጃው እንዳይጠፋባቸው ብቻ ነው ጭንቀታቸው።

በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ደግሞ ዶን ሀንስታይን ኒው ዮርክ ላይ ቦብ ዲለንን ከፍቅረኛው ጋር በረዶ በነካው መንገድ ሲሄዱ አንሥቷቸዋል፤ በሸክላ ልባስ ወጥቶ ዓለም አወቀው። ሁለት ጥንዶች፣ አንድ ዓመት። የአንደኞቹን ስም ሁላችንም እናውቃለን፤ የሌሎቹን ከመካከላችን የሚጠራልኝ ካለ ይምጣ።

ወደ ጓደኛዬ ክስ ልመለስ። «የጄምስ ብራውን አድናቂዎች» የሚል እ.ኤ.አ. የ1965 ፎቶ አለ። ሁለት ልጃገረዶች አንድ የጄምስ ብራውን ሸክላ በመካከላቸው ይዘው ይታያሉ። ጓደኛዬ ጣቱን ሸክላው ላይ ጫነና «ይኸው!» አለ። እኔ የማየው እጆቹን ነው። ሸክላውን የያዙት እንደ ታቦት አይደለም፤ እንደ ዘመድ ፎቶ ነው። ደግሞስ ጄምስ ብራውን «ፈረንጅ» የሆነው መቼ ነው? ማንቲያ ጃዋራ የተባለው ባማኮ ያደገ ምሁር ስለነዚህ ፎቶዎች ሲጽፍ፣ ወጣቱ በጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ውስጥ ያገኘው ራሱን እንደነበር ይከራከራል። እኛስ ዓለማየሁ እሸቴን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ሲሉት ሰምተን የለም? ቅጽሉ የተውሶ ነው፤ ድምፁ ግን የማን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

ጓደኛዬን ይበልጥ ያስደነገጠው ግን የኤግዚቢሽኑ ስም ነው። «ማሊ ትዊስት» ቡባካር ትራኦሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ገደማ ያወጣው ዘፈን ነው፤ የሚለውም «ወደ አገራችሁ ተመለሱና አገር ገንቡ» ነው። በትዊስት ምት! ሬዲዮው ያሰማው ነበር፤ ዘፋኙ ግን ሸክላ ሳያሳትም፣ ኑሮውን ለመግፋት ልብስ ሰፊም ባለ ሱቅም ሆኖ ኖሯል። በአሥርቱ መጨረሻ ደግሞ ያው አገር ገንቢ የተባለው ወጣት በቤልቦተም ሱሪው፣ በአጭር ቀሚሱና በአፍሮው ምክንያት በሚሊሺያ እየተያዘ ለ«ተሐድሶ» ይላክ እንደነበር ጃዋራ ጽፏል። «ኩረጃ» የሚለውን ቃል ያኔም የሚጠቀሙበት ነበሩ ማለት ነው፣ ያውም ጠብመንጃ ይዘው። ይህን ስል ጓደኛዬ ተቆጣ፤ «እኔን ከሚሊሺያ ጋር?» አለ። ልክ ነው፣ ይህችኛዋ አላግባብ ነበረች፤ እዚሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ነጥብ ግን እለቅለታለሁ። ከእነዚህ ፎቶዎች ውስጥ የማይታይ ሰው አለ። ከረባት የማሰር አቅም ያልነበረው፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሙዚቃውን የሰማው የባማኮ ልጅ የታለ? ሲዲቤ የተጠራበት ቦታ ነው የሄደው፣ የጠራውም የሚከፍለው ነው። ፎቶ ቤት ንግድ ነው። በዚህ አልፈርድበትም፤ ግን «የማሊ ወጣት» የሚለውን ድፍን ስም የሚያበዙ ተቺዎች ይህን ቢያስቡት ጥሩ ነው።

ሌላው ቅር የሚለኝ የመጠን ነገር ነው። ኪስ ውስጥ እንዲገባ የታተመ ፎቶ ግድግዳ የሚያህል ሲሆን የሆነ ነገር ይጠፋል። ኤግዚቢሽኑ በዚያው ዘመን የታተሙትን ፎቶዎችም ማቅረቡ የሚመሰገን ነው፤ ለእኔ ትልልቆቹ ሁሉ ቀርተው እነሱ ብቻ ቢሰቀሉ ይሻል ነበር። ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ2007 ቬኒስ ላይ የወርቅ አንበሳ የዕድሜ ልክ ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኗል፤ በ2016 ዐርፏል። ለሥራው ክብር መሰጠቱ ደስ ይላል። ደጃፉ ላይ መጥተው «እኔ የታለሁ?» ይሉ የነበሩት ግን ዛሬ ያ ፎቶ በስንት እንደሚሸጥ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ምናልባት አንዳንዶቹ አያት ሆነው ያንኑ ፎቶ፣ ትንሿን፣ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ይሆናል።

መጽሐፉ እስከ ዓርብ እኔ ዘንድ ነው። ማየት የሚፈልግ ከእራት በኋላ ይምጣ፤ እጁን ታጥቦ ብቻ።