«አልቻልኩም» ምኑን?

ጎተራ ሻይ ቤት ተቀምጠን የጥላሁን ገሠሠ «አልቻልኩም» ሲከፈት ክርክር አይቀርም። ግማሻችን «በቃ፣ የፍቅር ዘፈን ነው» እንላለን፤ ግማሻችን «ኧረ ወዲያ! ፖለቲካ ነው እንጂ» ብለን እንሟገታለን።

ፖለቲካ ነው ባዮች የሚጠቅሱት የዘፋኙን ታሪክ ነው። ጥላሁን የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከግርማሜ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍ፣ ጥላሁንም ታሰረ። ታሪኩ እውነት ነው። ዳሩ ግን የዘፋኝ መታሰር የዘፈን ፍቺ ይሆናል እንዴ? እንዲያማ ከሆነ እሱ ያዜመው ሁሉ ፖለቲካ ሊባል ነው!

እኛ የምንለው፣ ወርቁ ካለ ከቃሉ ይፈለግ ነው። «ቻለ» በአማርኛ ሁለት ፍቺ አለው፦ አቅም አገኘ፤ ደግሞም ታገሠ። ታጋሹን ሰው «ቻይ» የምንለው ለዚህ ነው። ርእሱም ምኑን እንዳልቻለ አይነግረንም፤ ቦታውን ክፍት ትቶታል። አፍቃሪ ናፍቆቱን፣ ጭሰኛ ግብሩን፣ እስረኛ ሰንሰለቱን ያስገባበታል።

ስለዚህ ፍቅር ነው ያለም፣ ፖለቲካ ነው ያለም የየራሱን ሰምቷል። ጥፋቱ ያለው «ከእኔ ፍቺ ሌላ የለም» በሚለው ላይ ነው። የሳንሱር ሹምም እኮ አድማጭ ነበር፤ አንድ ፍቺ ብቻ ሰምቶ በሌላው ጆሮ ላይ የሚፈርድ አድማጭ። እኛ ተማሪዎች ያንን ወንበር አንውረስ።