«ይጠበቃል» ምን ማለት ነው? ስለ ፊዚክስ ስያሜዎቻችን የቀረበ ሂስ

የሳይንስ ስያሜ በመዝገበ ቃላት ዓምድ ውስጥ ከእንግሊዝኛው አቻ ጎን ተሰልፎ ሲታይ እንከን የሌለው ይመስላል። ብቃቱ የሚፈተነው ግን ተማሪ ጥያቄ ሲሠራበት ነው። ይህንንም ከሚሴን በመሰለ ስፍራ ሆኖ ማየት ይበጃል። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የፊዚክስ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ስያሜ ጉድለት ተማሪውን በየመሸጋገሪያው ያሰናክለዋል።

አንድ የታወቀ ዓይነት ጥያቄ እንውሰድ። 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጋሪ በሴኮንድ 3 ሜትር እየሄደ፣ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቆመ ጋሪ ይገጫል፤ ሁለቱ ተያይዘው ይጓዛሉ። ሰበቃን ከቁጥር ካላስገባን የጋራ ፍጥነታቸው በሴኮንድ 2 ሜትር ይሆናል። ሞመንተሙ ከግጭቱ በፊት 600 ኪሎ ግራም ሜትር በሴኮንድ ነበር፤ በኋላም ያው ነው። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው ግን ከ900 ጁል ወደ 600 ጁል ይወርዳል፤ 300ው ጁል ወደ ሙቀት፣ ወደ ድምፅና ወደ አካል መጣመም ይለወጣል። ሁለት ጊዜ የመጣውን 600 ለይቶ ለመረዳት ስያሜዎቹ የጠሩ መሆን አለባቸው።

«ኃይል»፣ «ጉልበት» እና «አቅም» ግን በዕለታዊ አነጋገር ይወራረሳሉ። «የፈረስ ጉልበት» የምንለው ሥራ በጊዜ ሲካፈል የሚገኘውን መጠን ነው፤ ጋሪውን የሚገፋውንም «ጉልበት» እንላለን። የኦሮምኛው «ሁምና»ም ይህንኑ ስፋት ይዟል። ስለዚህ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስም ውስጥ እስከ መግባት የደረሰው «ኢነርጂ» በውሰት ቃልነቱ ቢጸና እንመርጣለን።

ለሞመንተም የቀረበው «እንድርድሪት» ጆሮ ለጊዜው ባይለምደውም የሚነቀፍ አይደለም። «ተንደረደረ» ሲባል አድማጭ «ወዴት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሞመንተምም አቅጣጫ ያለው መጠን ነው። ኢነርጂ ግን «ምን ያህል?» ብቻ ያስጠይቃል። መንደርደር ፍጥነት መጨመርን ያመለክታል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት ቢኖረውም፣ በብያኔ ሊታረም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ችግር ከስሙ ሳይሆን ከግሡ ይመጣል። «እንድርድሪት ይጠበቃል» የሚለው ዓረፍተ ነገር «ዘብ ይቆምለታል» ወይም «ይመጣል ተብሎ ይታሰባል» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤ «መጠኑ አይለወጥም» የሚለው ፍቺ ግን ከአማርኛው በቀጥታ አይፈልቅም። የኦሮምኛው «ኤጉ»ም መጠበቅንና መጠባበቅን አጣምሮ ስለሚይዝ፣ የከሚሴው ተማሪ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ቢሸሽ እንኳ አያመልጥም። ከዚህም በላይ «ኢነርጂ ይጠበቃል» ተብሎ የተነገረው ተማሪ 900ው ጁል ወደ 600 ሲወርድ የሠራው ሒሳብ የተሳሳተ ይመስለዋል።

በበኩላችን «ከውጭ ኃይል ካላረፈበት የእንድርድሪቱ ድምር አይለወጥም» መባሉን እናስቀድማለን። ለኢነርጂም «መልኩ ይለወጣል፤ ጠቅላላ ድምሩ አይለወጥም» ቢባል ምን እንደ ጸና፣ ምን እንደ ተለወጠ በግልጽ ይታያል። አገላለጹ ረዝሟል የሚል ቢኖር፣ አጭሩ ቃል ያስከተለውን የማብራሪያ ብዛት ይቍጠር። የስያሜ አዘጋጆችም ወደፊት ለእያንዳንዱ ስም የሚስማማውን ግሥና አንድ የተሠራ ጥያቄ አብረው ቢያቀርቡ፣ ተርጓሚውም መምህሩም ከግምት ይድናሉ።