ያልተጻፈው ውል፦ ከተለመደው የወጣ ፎቶግራፍና የተመልካች ምርጫ

ፎቶግራፍ ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ የሚለየው በአሠራሩ ብቻ ሳይሆን፣ ተመልካቹ ገና ሳያየው ከእርሱ በሚጠብቀው ነገርም ጭምር ነው። ሠዓሊ ሰማዩን አረንጓዴ ቢቀባው የሚቆጣ ተመልካች ጥቂት ነው፤ ሥዕል የሠዓሊው ሐሳብ መሆኑን ሁሉም አስቀድሞ ተቀብሎታልና። ፎቶግራፍ አንሺ ያንኑ ቢያደርግ ግን «እውነት ነው ወይስ ተሠርቶበት ነው?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል። በጋለሪ፣ ማለትም የጥበብ ሥራ ለዕይታም ለሽያጭም በሚቀርብበት ቤት፣ ከተለመደው የወጣ ፎቶግራፍ ሲሰቀል አንዱ ከፊቱ መራቅ ሲያቅተው ሌላው በዋጋው ተገርሞ የሚያልፈው ከዚሁ የተነሣ ነው። ልዩነቱን «ምርጫ እንደ ሰዉ ነው» ብሎ መተው ቀላል ቢሆንም ለባለሙያው አይበቃውም፤ አብዛኛው የምርጫ ክርክር ጠለቅ ተብሎ ሲታይ፣ የሚያከራክረው ውበት ሳይሆን ፎቶግራፍ ለተመልካቹ ገብቶለታል ተብሎ የሚታመን ያልተጻፈ ውል ሆኖ ይገኛል።

ይህ ውል በሦስት አንቀጾች ሊጠቃለል ይችላል። የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፤ ካሜራ ከፊቱ የነበረውን ብርሃን ተቀብሎ ስለሚያስቀር፣ ተመልካቹ በወረቀቱ ላይ የሚያየው ነገር በአንድ ወቅት በአንድ ቦታ በእርግጥ እንደ ነበረ ይገምታል። ሁለተኛው ማስታወሻነት ነው፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ፎቶግራፍ በአብዛኛው የሠርግ፣ የምረቃ ወይም የሟች ዘመድ ምስል በመሆኑ፣ ፎቶግራፍ ያለፈን ሰውና ያለፈን ቀን ጠብቆ እንዲያቆይ ይጠበቅበታል። ሦስተኛው ድካም ነው፤ ብዙ ገዢዎች ለአንድ የጥበብ ሥራ ገንዘብ ለማውጣት የሚደፍሩት እጅ እንደ ደከመበት ሲያምኑ ነው፣ በጣት ንክኪ በቅጽበት የሚገኝ ምስል ደግሞ ይህን እምነት በቀላሉ አያተርፍም። አንድ ፎቶግራፍ ከተለመደው የወጣ የሚባለው ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ሲያፈርስ ነው፤ የተመልካቾች ምርጫ የሚራራቀውም እያንዳንዳቸው አጥብቀው የሚይዙት አንቀጽ ስለሚለያይ ነው።

የምስክርነት አንቀጽ ሲፈርስ የሚሆነውን ለማየት ወደ ሙያው የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት መመለስ ይጠቅማል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1858 «ፌዲንግ አዌይ» የተባለውን ሥራ ሲያቀርብ፣ በደዌ ደክማ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ወጣት ሴት፣ በአጠገቧ ያሉ ሁለት ሴቶችና ጀርባውን ሰጥቶ በመስኮት ወደ ውጭ የሚመለከት ወንድ በአንድ ምስል ውስጥ ይታዩ ነበር። ምስሉ የተሠራው ከአምስት ኔጋቲቮች ነው፤ ኔጋቲቭ ብርሃኑና ጥላው ተገላብጠው የሚታዩበት፣ ኅትመቱ የሚወጣበት መነሻ ምስል ሲሆን፣ ሮቢንሰን አምስቱን በአንድ ወረቀት ላይ አገጣጥሞ አትሟቸዋል። በዘመኑ ሥዕልና ልብ ወለድ የወጣት ሴት ሞት የተለመደ ርእሰ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ያው ርእሰ ጉዳይ በፎቶግራፍ ሲመጣ ብዙዎችን ከልክ በላይ አሳመማቸው። የሚደንቀው ቅሬታው ከሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ሊመጣ መቻሉ ነው፤ ምስሉን ያመነ ሰው በሰው የሐዘን ቤት ሳይጠራ እንደ ገባ ሲሰማው፣ አሠራሩን ያወቀ ደግሞ እንደ ተታለለ ይሰማዋል። ይሁንና የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት ልዑል አልበርት ከኅትመቱ አንዱን ገዝተዋል፤ አንዱን ያሳዘነ መጣመር ለሌላው የሙያ ብቃት ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የድካም አንቀጽ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በኒው ዮርክ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የፎቶግራፍ ክፍል ኃላፊ የነበረው ጆን ሻርኮውስኪ፣ ከሜምፊስ ከተማ የመጣውን የዊልያም ኤግልስተንን ባለ ቀለም ፎቶግራፎች ለዕይታ አቀረበ። በዚያን ጊዜ በጥበብ ቤቶች ክብር የነበረው ጥቁርና ነጩ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ ቀለም የማስታወቂያና የቤተሰብ አልበም ድርሻ ተደርጎ ይታይ ነበር። ርእሰ ጉዳዮቹም የተመልካቹን ቅሬታ አባባሱት፤ በመንገድ ዳር የቆመች የሕፃን ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌትና እነዚህን የመሰሉ፣ ማንም ሰው ሊያነሣቸው ይችል ነበር የሚባሉ ተራ ነገሮች ነበሩና። የኒው ዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ሂልተን ክሬመር ሥራዎቹን ተራና አሰልቺ ብሎ ነቀፋቸው።

ነቃፊዎቹ ያላመዛዘኑት ድካሙ የት እንዳለ ነው። ብስክሌቷን ያነሣው ካሜራ ወደ መሬት እጅግ ዝቅ በማለቱ፣ አንዲት የሕፃን መጫወቻ ከኋላዋ ካሉት ቤቶች በላይ ገዝፋ ትታያለች፤ ይህ ዓለምን ከሕፃን ቁመት የማየት ውሳኔ እንጂ የአጋጣሚ ውጤት አይደለም። ኤግልስተን ለኅትመት የመረጠው ዳይ ትራንስፈር የተባለው ዘዴም እንዲሁ ከባድ ሥራ ነው፤ በዚህ ዘዴ ምስሉ በቀለም ማጣሪያዎች አማካይነት ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ከጄላቲን የተሠራ ማተሚያ ገጽ ይዘጋጃል፣ ሦስቱ ገጾች በሳያን፣ በማጀንታና በቢጫ ቀለም እየተነከሩ አንዱ ከሌላው ሳይዛነፍ በአንድ ወረቀት ላይ በየተራ ይታተማሉ። አታሚው እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው ማጉላትና ማደብዘዝ ስለሚችል፣ ተመልካቹ «እንዲሁ የተነሣ» የሚለው ቀይ በእርግጥ ተለክቶ የተቀመጠ ቀይ ነው። ሥራው ድካም አልጎደለውም፤ ድካሙ ለሚፈልገው ዓይን እንዳይታይ ሆኖ መሠራቱ ግን የምርጫውን ክርክር ወለደ።

ድካሙን መግለጥ የሚፈልግ ሠሪ ብዙውን ጊዜ የሚሄደው ወደ መጠን ነው። ጀርመናዊው አንድሪያስ ጉርስኪ እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራው «ራይን ሁለት» የራይን ወንዝን፣ ሣሩንና ደመናማውን ሰማይ በአግድም በተዘረጉ ሽንትሮች ብቻ የሚያሳይ፣ ስፋቱ ከሦስት ሜትር ተኩል የሚበልጥ ኅትመት ነው፤ በወንዙ ማዶ የነበረውን ሕንፃ አርቲስቱ በኮምፒዩተር አጥፍቶታል። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ ጨረታ ከ4.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሸጥ በወቅቱ በጨረታ ከተሸጡ ፎቶግራፎች ሁሉ ውዱ ነበር። ምስሉን በስልክ ገጽ ላይ የሚያይ ሰው ሽንትር ብቻ ያያል፤ በኅትመቱ ፊት የሚቆም ሰው ግን ወንዙ ከዓይኑ ዳርቻ እስከ ዳርቻ ስለሚሞላው አካሉ ጭምር ይመልስለታል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ስለ «ራይን ሁለት» ሲከራከሩ፣ አንዱ ስለ ምስሉ ሌላው ስለ ዕቃው እየተናገረ ሳይግባቡ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ዋጋው ደግሞ ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ሆነ አይፈርድም፣ የሚመሰክረው በዚያ ቀን ምን ያህል እንደ ተፈለገ ብቻ ነው።

ዋጋን በሚመለከት ፎቶግራፍ አንድ ልዩ ችግር አለበት፤ ከአንድ መነሻ ምስል እጅግ ብዙ ቅጂ ማውጣት ይቻላል። ጋለሪዎች ይህን የሚያልፉት ውስን እትም በተባለው አሠራር ነው፤ አርቲስቱ ከአንድ ምስል ይህን ያህል ቅጂ ብቻ እንደሚያትም ቃል ይገባል፣ በእያንዳንዱም ላይ ተራ ቁጥሩንና ጠቅላላ ቁጥሩን አስፍሮ ይፈርማል። ቃሉ ምን ያህል እንደሚዘረጋ ግን ሁሌ ግልጽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኤግልስተን አንዳንዶቹ ቀድሞ በትንሽ መጠን የታተሙ 36 ምስሎችን በትልቅ መጠንና በዲጂታል ዘዴ አትሞ በጨረታ ሲያቀርብ፣ ሽያጩ 5.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ፤ የቀድሞዎቹን ኅትመቶች የያዘ አንድ ሰብሳቢም የእጁ ዋጋ ረክሷል ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በቀጣዩ ዓመት ክሱን ሲዘጋ፣ በሌላ መጠንና በሌላ ዘዴ የወጣው ኅትመት ሌላ እትም መሆኑን ተቀበለ። ለሠሪው የሚቀረው ትምህርት ከሕጉ ይሰፋል፤ ገዢው የገዛው ምስሉን ነው ወይስ ያንን ወረቀት የሚለው ጥያቄ ከሽያጩ በፊት በግልጽ መመለስ አለበት።

እነዚህን አንቀጾች ወደ ኢትዮጵያ ልምድ አምጥቶ መመርመር ደግሞ ነገሩን ያጠራዋል። በየከተማው ፎቶ ቤት ደንበኛው የሚቆመው በሸራ ላይ በተሣለ አበባ ወይም ሕንፃ ፊት ነበር፤ ኅትመቱም በእጅ ይነካካ፣ ፊት ይለሰልስ፣ አንዳንዴም ጥቁርና ነጩ ምስል በብሩሽ ቀለም ይቀባ ነበር። በምስክርነት መለኪያ ቢመዘን ይህ ሁሉ ከሮቢንሰን አምስት ኔጋቲቮች ያልተናነሰ ማጣመር ነው፤ ነገር ግን ተታለልሁ ያለ ደንበኛ አልነበረም፣ ምክንያቱም የሚፈለገው ማስታወሻ ነበርና፣ ሰውየው በክብር እንዲታወስ እስከ ሆነ ድረስ የበስተኋላው ሸራ ሐሰት መሆኑ ማንንም አላስጨነቀም። ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ለሙያው ትልቅ ነው፤ አንድን ፎቶግራፍ እንግዳ የሚያደርገው የተሠራበት ዘዴ ሳይሆን፣ በዚያ ዘዴ የፈረሰው የተመልካቹ ተስፋ ነው።

የፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ሥራዎች በአንዳንዱ ዘንድ ጥልቅ ፍቅርን፣ በሌላው ዘንድ ግራ መጋባትን የሚፈጥሩት በዚህ ምክንያት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል የመሠረተችው አይዳ፣ ፊታቸው ነጭ ወይም ሰማያዊ የተቀባ ሴቶችን በደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ መካከል ታቆማለች፤ የአንዱ ተከታታይ ሥራዋ ርእስም ዓለም ዘጠኝ ናት፣ አሥር አትሞላም ከሚለው የአያቷ አባባል የመጣ ነው። በዳሎል ያነሣችውና እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ከተባለው ድርጅት ጋር የሠራችው ሥራ ርእሰ ጉዳዩ የውኃ እጦት ሆኖ ሳለ፣ የተጠማ ሕፃንም የተሰነጣጠቀ መሬትም አያሳይም፤ ውኃ የመቅዳት ሸክም በሴቶች ላይ መውደቁን በተቀናበረ ምስልና በደማቅ ልብስ ይናገራል። የዜና ፎቶግራፍ የለመደ ዓይን «ችግሩ የታለ?» ሊል ይችላል፤ ስለ አፍሪካ የሚነሣ ፎቶግራፍ የችግር ምስክር ብቻ እንዲሆን መጠበቁ ራሱ ከአንቀጾቹ ሁሉ ከባዱ እንደ ሆነ የሚያስብ ሰው ግን፣ አንቀጹ በመፍረሱ ክብር እንደ ተመለሰ ያያል። ፎቶግራፍ አንሺው ግርማ በርታም «ሙቪንግ ሻዶውስ» በተባለው ሥራው በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፉ ሰዎችን በአይፎን አንሥቶ ከአካባቢያቸው በመለየት ከጥላቸው ጋር በአንድ ወጥ ደማቅ ቀለም ላይ ያስቀምጣቸዋል። መንገዱ ሲጠፋ ምስክርነቱ ይቀንሳል፤ በምትኩ በግርግሩ ውስጥ ማንም ልብ የማይለው የአረማመድ ሁኔታና የሸክም አያያዝ ብቻውን ቆሞ ይታያል።

ስለዚህ ለፎቶግራፍ አንሺው የሚጠቅመው ጥያቄ «ይወዱልኝ ይሆን?» የሚለው ሳይሆን፣ «የትኛውን አንቀጽ አፈረስሁ፣ በምንስ ካስሁ?» የሚለው ነው። ካሳው የሚከፈለውም በሐሳብ ብቻ ሳይሆን በኅትመቱ ሥራ ነው። ብርሃን የማያንጸባርቅ የጥጥ ወረቀት ጥቁሩን ለስለስ አድርጎ ዓይንን ወደ ውስጥ ሲጋብዝ፣ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ቀለሙን አጥብቆ ምስሉን ከሩቅ ያስጠራል፤ በክንድ ርቀት ሊታይ የተሠራ ምስል ያለ ልክ ቢተልቅ የሚስጥር ጠባዩን ያጣል፣ አዳራሽ የሚፈልገው ደግሞ በትንሽ መጠን ቢታተም ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል። ባለ ጋለሪውም ገዢው ያልወደደውን ሥራ በዝና ሊያስወድደው ከሚጥር፣ ምን እንደ ጠበቀና ምን እንዳጣ ቢጠይቀው ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ «አልገባኝም» የሚለው ቃል የሚሸፍነው ግልጽና ሊከበር የሚገባው አንድ ተስፋ ነው።

ውልን በማፍረስ ውል መጠበቅ እንደሚቻል የሚያሳይ አንድ ሥራ እዚህ ላይ መጥቀስ ተገቢ ነው። በሥዕል ሠልጥኖ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ፣ በመቃብር ሐውልቶች ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶግራፎች አንሥቷል፤ ፀሐይና ዝናብ ያነጣቸው፣ የተሰነጣጠቁ፣ የፊት ቅርጻቸው ሊጠፋ የደረሰ ምስሎች ናቸው። ማስታወሻነትን አጥብቆ የሚይዝ ተመልካች እንዲህ ያለውን ምስል ሳሎኑ ውስጥ ለመስቀል ቢከብደው ሊፈረድበት አይገባም፤ ፎቶግራፍ ሊያቆየው ቃል የገባው ፊት ሲጠፋ እያየ ነውና። ሆኖም የመጀመሪያው ምስል በሐውልቱ ላይ እየፈዘዘ ሲሄድ፣ መፍዘዙን የያዘው ሁለተኛው ምስል ያንን ሟች ማንም ዘወር ብሎ በማያየው ሰዓት አንድ ጊዜ ዳግመኛ ተመልክቶታል።