ወረራና ስሕተት

የቼዝ ወዳጆች «የማይሞተው ጨዋታ» የሚሉትን ሰሞኑን እንደገና ደርድሬ ተከተልኩት። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ ጀርመናዊው አንደርሰንና በፓሪስ ይኖር የነበረው ኪዘሪትስኪ ለመዝናናት የተገጣጠሙበት ነው። ነጩ በሁለተኛው እርምጃ ወታደሩን ይገብራል፤ ጥቁሩ በሦስተኛው ንግሥቱን አውጥቶ ንጉሡን ከቦታው ያነቃንቃል። ኋላ የመጡ ተንታኞች አሥራ ስምንተኛው እርምጃ ላይ ሁለቱንም ይወቅሳሉ፦ አንደርሰን የተሻለ እያለው ቢሾፑን አላግባብ አስጠጋ፤ ኪዘሪትስኪም ማምለጫውን ትቶ ሩክ በላ። በሃያ ሦስተኛው ተሸነፈ። የሚገርመው፣ ጨዋታውን በመጽሔቱ ያተመው ተሸናፊው ራሱ ነው!

በዚያው ዘመን በእኛ መሳፍንት ግቢ ሰንጠረዥ ይሰደር ነበር። (ዛሬ ቃሉ የቢሮ አኃዝ መደርደሪያ ሆኗል።) የትግራዩን ራስ ወልደ ሥላሴን ጨዋታ ሄንሪ ሶልት ጽፎታል፤ ቆንስሉ ፕላውደንም ደንቡን መዝግቧል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጡት ጥናት ይህን ሁሉ ሰብስበዋል። ደንቡ አለን፤ እርምጃ በእርምጃ የምንተቸው ጨዋታ ግን የለንም።

ምክንያቱ አከፋፈቱ ይመስለኛል። ወረራ ይባላል። ተራ የለም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ፍኖተ ሰላም ላይ በቆርኪ ዳማ ለሚጫወቱ ወጣቶች ይህን ባወራላቸው አንዱ፣ «እንግዲያ እጁ የፈጠነ ያሸንፋላ!» አለኝ። አይደለም። ባላንጣህ ፈረሱን ሲያወጣ አይተህ የራስህን ትመልሳለህ፤ እሱም አይቶ ያፈርሳል። የተሳሳተ አሰላለፍ ይታረማል። የማይታረመው የመጀመሪያው መብል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ይገባል። ስለዚህ ወረራን ሥርዓት የለሽ ግርግር አድርገው የሚያዩት የአውሮፓን ሚዛን ይዘው ነው። እዚያ ስሕተት በእርምጃ ይቆጠራል፤ እዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ መቼ በላህ? ቡሬ ላይ ሁለት ልጆች በዚህ ደንብ ሲሞክሩት የሻያቸው ብርጭቆ እስኪቀዘቅዝ ማንም አልደፈረም።

ሌላም አለ። በሰንጠረዥ በብርቱው ደር ንጉሥ መግደል ብዙም አያስመሰግንም ነበር፤ ሙገሳው በደካሞቹ ለገደለ ነው። አንደርሰን ሁለቱንም ሩኮችና ንግሥቱን ገብሮ በቢሾፕና በፈረሶቹ ጨርሷል። የራስ ወልደ ሥላሴ ባለሟሎች ይህን ቢያዩ አሥራ ስምንተኛዋን እርምጃ የሚያነሳባቸው ያለ አይመስለኝም።